የአሥራ አንድ ትንፋሽ ዝምታ

አልቪነ ኩቢሽ ሰውን የምታውቀው በጫማው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመድረኩ ፊት ባለችው ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጣ፣ አገጯን ከመድረኩ ወለል እኩል አድርጋ፣ በርሊን ያወቃቸውን ተዋንያን ሁሉ ከቁርጭምጭሚታቸው ጀምራ ነው ያየቻቸው። ንጉሥ ሆኖ የሚጫወተው ሰውዬ ጫማው ውስጥ ካርቶን እንደጎዘጎዘ ታውቃለች። የአሥራ ስምንት ዓመት ኮረዳ የምትሆነው ሴትዮ እግሯ አብጦ የጫማዋን ማሰሪያ መቋጠር እንዳቃታትም ታውቃለች። ለማንም አትናገርም። አቧራው ፊቷ ላይ ሲበን ማስነጠሷን ውጣ ታስቀረዋለች። በብርድ ወራት የጋለ ጡብ በጨርቅ ጠቅልላ እግሯ ሥር ታኖራለች። ከራሷ በላይ እንደ ኤሊ ድንጋይ የጎበጠ ክዳን ስላለ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ከተመልካቹ ወገን አንድ ሰው እንኳ አይቷት አያውቅም።

ሥራዋ ቃል ማስታወስ ነው። ተዋናዩ ቃሉ ሲጠፋበት ከታች ሆና በሹክሹክታ ታቀብለዋለች።

ከሲሌዥያ ገጠር የመጣችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ለሰው ቤት ሠራተኛነት ነበር። ትምህርቷ የቄሱ ሚስት እሑድ እሑድ ያስቆጠረቻት ፊደል ነው፣ ሌላ የላትም። ኋላ ቲያትር ቤት ልብስ ተኳሽ ሆና ተቀጠረች። የመድረኩን የጋዝ መብራት የሚለኩሰውን ኩቢሽን አገባች፤ እሱም በስድስተኛው ዓመት ሳንባው ታሞ ሞተባት። አንድ ክረምት የድሮው አስታዋሽ ታይፎይድ ይዞት ተኛ። የቤቱ ሰው ሁሉ ሲተራመስ፣ አልቪነ ከመጋረጃ ጀርባ ኮሌታ እየተኮሰች፣ «የሦስተኛው ገቢር ቃል እኮ እንዲህ ነው» ብላ ከላይ እስከ ታች አነበነበችው። ሥራ አስኪያጁ ካውያውን ከእጇ ነጥቆ «ውረጂ!» አላት። ወረደች። እንደ ወረደች ሃያ ሁለት ዓመት ቀረች።

ሰው አስታዋሽነት ማንበብ ይመስለዋል። ማንበብስ ማንም ያነባል። ጭንቁ ዝምታው ላይ ነው። ተዋናዩ ዝም ሲል፣ ዝም ያለው ሆን ብሎ ነው ወይስ ቃሉ ጠፍቶበት? ሆን ብሎ ዝም ያለውን ቃል ካቀበልሽው ጨዋታውን ገደልሽው። ጠፍቶበት ዝም ያለውን ከተውሽው ደግሞ ሰውዬውን ገደልሽው። ለማሰብ ጊዜ የለም። አልቪነ ግን በትንፋሽና በጫማ ትለየው ነበር። ሆን ብሎ ዝም ያለ ሰው ትንፋሹ ወደ ሆዱ ይወርዳል፣ የእግሩ ጣቶች በጫማው ውስጥ ይረጋሉ። ቃል የጠፋበት ሰው ትንፋሹ ደረቱ ላይ ይሰቀላል፣ ተረከዙም ከወለሉ ብድግ ይላል። ለመጀመሪያው በመጽሐፏ ጠርዝ ላይ መስቀል ታደርጋለች፤ ለሁለተኛው ክብ። እርሳሷ ከአውራ ጣት ያልበለጠች ቁራጭ ናት፣ እንዳትጠፋባት በክር ከእጅ አንጓዋ ጋር ታስራታለች። ቃሉን ከማቀበሏ በፊት ደግሞ አየር ሳብ ታደርጋለች። ልማድ ነው። ብዙዎቹ ያቺን የአየር መሳብ ገና ሲሰሙ ቃሉ ራሱ ይመጣላቸዋል።

ያቺን ትንፋሽ ከሁሉ አብልጣ የምታውቃት ሌዎንቲነ ቴልማር ነበረች።

ሌዎንቲነ የቤቱ ታላቅ ተዋናይት ናት። ስሟን ያገነነው «የመሻገሪያው ገመድ» የተባለው ቲያትር ነው። የኦደር ወንዝ ጀልባ አሻጋሪ ሚስት፣ ማርተ የምትባል፣ በማዕበል ቀን በንዴት የመሻገሪያውን ገመድ ትቆርጠዋለች። የባሏ ወንድም ይሰጥማል። በእሷ ኃጢአት አንድ ምስኪን የቀን ሠራተኛ ይታሰራል። በመጨረሻው ገቢር ዳኛው «ገመዱን የቆረጠው ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ ማርተ ዝም ትላለች፤ ቆይታ «እኔ ነኝ» ትላለች። በቃ ይኸው ነው። ሕዝቡ ግን በበረዶ ተሰልፎ የሚመጣው ለዚያች ዝምታ ነበር። ርዝመቷ አሥራ አንድ ትንፋሽ ነው። አልቪነ ከጉድጓዷ ሆና ትቆጥራለች፤ አሥራ አንደኛው ላይ አየር ሳብ ታደርጋለች፤ ከላይ «እኔ ነኝ» ይመጣል።

«ኩቢሽዬ፣ ዛሬ አሥር ነው የቆጠርሽልኝ፤ ሰረቅሽኝ» ትላታለች ሌዎንቲነ፣ መጋረጃው ሲወርድ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብላ።

«አሥራ አንድ ነው እሜቴ። እርስዎ ነዎት በጉንፋንዎ ሁለቱን ባንድ የተነፈሱት።»

«ሌባ!»

«ሌባስ እርስዎ፤ የኔን ትንፋሽ እየወሰዱ ጭብጨባውን ለብቻዎ።»

ከዚያ ሌዎንቲነ በወረቀት የጠቀለለችውን የዝይ ጮማ የተቀባ ዳቦ በመድረኩ ጠርዝ ታቀብላታለች። እንዲህ ሆነው ዓመታት አለፉ። ሻይ አብረው ጠጥተው አያውቁም፣ አንዷ የሌላዋን ቤት ረግጣ አታውቅም። ግን አንዲት ትንፋሽ ለሁለት ነበሩ።

ጦርነቱ ካበቃ በሦስተኛው ዓመት ኦርትዊን ዛንደር የሚባል የፊልም አዘጋጅ መጣና «የመሻገሪያውን ገመድ ፊልም አደርገዋለሁ» አለ። በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሲኒማ ሲኒማ ይል ነበር። ቲያትር ቤቱ ግን ግማሽ ወንበሩ ባዶ ነው። ሌዎንቲነ እሺ አለች፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ያለ ኩቢሽ አልሠራም።»

ዛንደር ሳቀ። «እመቤት ቴልማር፣ ይኼ እኮ ድምፅ የሌለው ነገር ነው። አስታዋሽ ምን ታደርግልዎታለች? ለዲዳ ሠርግ አዝማሪ ይጠራል?»

«አንተ ውሻህን ይዘህ ትመጣለህ፣ እኔ ኩቢሽን ይዤ እመጣለሁ።»

ሰውዬው እውነትም ያለ ውሻው አይንቀሳቀስም ነበር። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ፊልም የሚነሣው ከከተማው ወጣ ብሎ በዋይሰንዜ፣ ጣራውና ግድግዳው መስታወት በሆነ ትልቅ ቤት ውስጥ ነበር። አልቪነ መጽሐፏን ታቅፋ በመጀመሪያው ቀን ስትገባ ቀብር እየቀበሩ አገኘቻቸው።

«እንዴ! ይኼ የአምስተኛው ገቢር ነው» አለች። «ሰውዬው ገና መች ታንኳ ላይ ወጣ?»

የመድረክ አናጢው ሚስማር በአፉ ይዞ፣ «እትዬ፣ እዚህ መጀመሪያ እንቀብራለን፣ ከዚያ እንገድላለን፣ ተርፎ ቀን ከተገኘ እንድራለን» አላት። «መቃብሩ ተሠርቶ ስላለቀ ነው።»

አበስኩ ገበርኩ አለች በልቧ። መጽሐፏን ከኋላ ወደፊት ገልጣ ተቀመጠች። ጉድጓድ የለም። በርጩማ ሰጥተው ከካሜራው ሥር አስቀመጧት። ካሜራውም አንድ አይደለም፤ ሁለት ሳጥኖች እንደ ጥማድ በሬ ጎን ለጎን ቆመዋል፣ አንዱን ሎታር የሚባል ሽማግሌ፣ ሌላውን አንድ ቀይ ጢማም እጀታውን ይዘው ያዞራሉ። ለምን ሁለት እንደሆነ አልጠየቀችም። ጥማድም ሁለት ነው ብላ አለፈች። ወለሉ ላይ በኖራ መስመር ተሰምሯል። ከዚያ መስመር ወዲያ የካሜራው ዓይን ነው፣ ተዋናይ ያልሆነ እግሩን አያሳርፍበትም። ይኼ ደንብ ገባት። በጉድጓድ ለኖረች ሴት መሰወር ቀላል ነው።

ያልገባት ጫጫታው ነበር። አናጢው ይመታል፣ ውሻው ይጮኻል፣ ጥግ ላይ አንድ ቫዮሊን ተጫዋች ተዋንያኑ እንዲያለቅሱ ሙሾ የመሰለ ነገር ይጎትታል። አልቪነ እንደ ልማዷ ስታንሾካሹክ ሌዎንቲነ ምንም አልሰማችም።

«ጮክ ይበሉ እንጂ፣ ፍራው ኩቢሽ!» አለ ዛንደር።

አልቪነ በሃያ ሁለት ዓመት በሥራ ላይ ድምፅ አውጥታ አታውቅም። አፏን ከፈተች። «ወንዙን ተወው፣ ልጁን አምጣልኝ!» የሚለው ቃል እንደዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ ብሎ ወጣ። የቤቱ ሰው ሁሉ ዞረ። ሌዎንቲነ በመቃብሩ አፍ ላይ ቁማ ሳቋን ለቀቀችው።

«ኩቢሽዬ! ለካ ድምፅ አለሽ? እኔ እኮ ትንፋሽ ብቻ ትመስይኝ ነበር!»

ከዚያ በኋላ አልቪነ ጮኸች። ድምፅ ለማይሰማበት ፊልም ከሁሉ በላይ የጮኸችው እሷ ናት። ማታ ቤቷ ስትገባ እህቷ ኡልሪከ ጉሮሮዋን በፋሻ እያሰረችላት፣ «ዲዳ ፊልም የሚሉት ይኼን ነው? ሰውን ዲዳ አድርጎ የሚለቅ ነው እንጂ!» ትላለች።

መብራቱ ደግሞ ዓይን ያቃጥላል። በዕረፍት ሰዓት ሌዎንቲነና አልቪነ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተጋድመው፣ ጥሬ ድንች ተቆርጦ ዓይናቸው ላይ ተደርጎላቸው ይቆያሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል ቁመት ላይ የተገናኙት እዚያ ነው፤ ዳሩ አይተያዩም።

«ኩቢሽዬ፣ ግራ በኩል ራሴን ይወጋኛል።»

«መብራቱ ነው እሜቴ።»

«መብራቱ ነው አይደል? ጣቶቼንም ይነዝረኛል።»

«ድንቹን ያዙት፣ ይወድቅብዎታል።»

አልቪነ ይህን ያለችውን እስክትሞት አልረሳችም።

የፍርድ ቤቱ ትዕይንት የተነሣው በኅዳር መጨረሻ፣ ረፋድ ላይ ነው። ዛንደር ያን ቀን አናጢውን ዝም አሰኘው፣ ውሻውንም ውጭ አሳሰረው። ዳኛው ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ሌዎንቲነ ጥቁር ነጠላዋን በትከሻዋ ጣል አድርጋ፣ የጀልባ አሻጋሪ ሚስት ድፍን ጫማ ተጫምታ ቆመች። ሎታርና ቀይ ጢማሙ እጀታቸውን ማዞር ጀመሩ። ቫዮሊኑ ተጎተተ።

«ገመዱን የቆረጠው ማነው?» አለ ዳኛው።

ሌዎንቲነ ዝም አለች። አልቪነ መቁጠር ጀመረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። ትንፋሹ ወደ ሆዷ ወርዷል፣ ጣቶቿ ረግተዋል፤ መስቀል ነው። አራት።

አምስተኛው ላይ ትንፋሹ አልወረደም። ደረቷም ላይ አልተሰቀለም። በአንድ ወገኗ ብቻ ገባ። አልቪነ ዓይኗን ወደ ጫማው ጣለች። የግራው እንደቆመ አለ። የቀኙ ጫማ ግን ዝም ብሎ ወደ ውጭ ዘመም አለ፤ እግር እንደሌለበት ጫማ፣ አልጋ ሥር እንደተረሳ ባዶ ጫማ። ከዚያ የሌዎንቲነ የአፏ አንድ ጠርዝ ቀስ ብሎ ወረደ። ዓይኗ የሆነ ነገር ሊጠይቅ ፈልጎ ጠያቂውን ያጣ መሰለ።

አልቪነ ክው አለች።  መስቀልም አይደለም፣ ክብም አይደለም፤ በሃያ ሁለት ዓመት ያላየችው ሦስተኛ ዝምታ ነው።

ዘወር ስትል የቤቱ ሰው ያለቅሳል። አናጢው ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል። ዛንደር በሁለት እጁ የራሱን ጸጉር ጨብጦ፣ «እንዳታቋርጡ... አዙሩ... አምላኬ፣ ምን ዓይነት ትወና ነው!» እያለ ያንሾካሹካል። የጨው ገደል ሲናድ ይልሱ ነበር፣ ሁሉም።

«እሜቴ!» ብላ ጮኸች አልቪነ። ቫዮሊኑ ይጎተታል። ማንም አልዞረም፤ ሰው የእሷን ጩኸት ለምዶታል።

የኖራውን መስመር አየች። እግሯ እምቢ አላት። ወዲያው እምቢታውን ረገጠችውና ተሻገረች። ዘጠኝ ስትል የዘረጋችው እጅ የሌዎንቲነን ብብት ያዘ። አሥር ላይ ሁለቱም ወለሉ ላይ ነበሩ።

«ማነች ያቺ ሴትዮ!» አለ ዛንደር። «አበላሸችው! እሷን...»

አልጨረሰውም። ያኔ ነው የሌዎንቲነን ፊት ያየው።

ሌዎንቲነ አልሞተችም። ቀኝ ጎኗ ሽባ ሆነ፣ ቃል የሚባል ከአፏ ጠፋ። አልቪነ በሦስተኛው ሳምንት ልትጠይቃት ሆስፒታል ስትሄድ፣ ያቺ ቤት የምታናውጥ ሴት ትራስ ላይ እንደ ሕፃን ተደግፋ አገኘቻት። እንደገባች ሌዎንቲነ በግራ እጇ አየር ላይ እጀታ ማዞር ጀመረች፣ ልክ እንደ ሎታር። ከዚያ የተጣመመ አፏን በጣቷ ነካች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች፤ አይሆንም፣ አይሆንም፣ አይሆንም።

«ያን ቀን የተነሣውን ነው?» አለች አልቪነ። «ሰው እንዳያይብዎት?»

ሌዎንቲነ የአልቪነን የእጅ አንጓ፣ እርሳሷ የታሰረችበት ላይ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። እንባዋ በግራ በኩል ወረደ።

«ማንም አያየውም እሜቴ። ካየው የኩቢሽ አፅም ይውቀሰኝ።»

ይህን ብላ ወጣች። አልቪነ በሞተው ባሏ በኩቢሽ አፅም ምላ አታውቅም ነበር።

ዛንደር በመልካም ፊት ነው የተቀበላት። ውሻውን ከወንበር አስነሥቶ አስቀመጣት።

«ፍራው ኩቢሽ፣ ሰው መሰልኩዎ አውሬ? ያን ነገር ለሕዝብ አሳያለሁ ብዬ በልቤም አላሰብኩም። ያን ትዕይንት በሌላ ሴት፣ ከጀርባዋ እናነሣዋለን።»

«ቃል ብቻ አይበቃኝም፣ ሄር ዛንደር። የተነሣውን ይስጡኝ።»

ዛንደር ትንሽ ዝም አለ። አልቪነ ትንፋሹን ማየት ነበረባት፤ ግን ውሻው እግሯን እያሸተተ አዘናጋት። ሰውዬው ተነሥቶ ከቁም ሣጥን ክብ የቆርቆሮ ዕቃ አወጣና ሰጣት። እሷም ከፍታ በመስኮት ብርሃን አየችው፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ፣ ጥፍር የምታህል ሌዎንቲነ ደጋግማ ቆማለች።

ቤቷ ወስዳ ወጥ ቤቱ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። ፊልም ባሩድ መሆኑን የነገራት የለም። ምድጃው «ቡፍ!» ብሎ ነበልባሉ እስከ ጣራ ዘለለ፤ ቀይ ሥር ልታማስል ያጎነበሰችው ኡልሪከ የቅንድቧን ግማሽ አጣች።

«አልቪነ! ምን ከተትሽበት? ጦርነቱ እንደገና መጣ እንዴ?»

«የሌዎንቲነን ነውር ነው።»

«የሷ ነውር የኔን ቅንድብ ምን አደረገው!» አለች ኡልሪከ፣ ለሳምንትም በከሰል እየተኳለች ገበያ ወጣች።

አልቪነ ተመልሳ ለሌዎንቲነ ነገረቻት። ሌዎንቲነ በግራ እጇ የአልቪነን እጅ ጨበጠች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልቪነ ቲያትር ቤቱን ትታ እሷን ማስታመም ያዘች። ታጎርሳታለች፣ ጸጉሯን ታበጥራለች፣ ስንት ጊዜ የሰማችውን ቃል መልሳ ታነብላታለች። ሌዎንቲነ ትሰማለች፤ የሚወጣት የለም።

በመጋቢት ፊልሙ ተመረቀ። ዛንደር ጋሪ ላከ፤ «እመቤት ቴልማር ባይገኙ ሕዝቡ ያዝናል» የሚል ደብዳቤም አብሮ። አልቪነ አልወደደችውም። ሌዎንቲነ ግን ቀሚሷን፣ ጥቁር ሐሩን፣ በጣቷ አሳየች። አለበሰቻት። ጫማዋን ስታጠልቅላት የቀኙን እግር እንደ ዕቃ አንሥታ ነው ያስገባችው።

ሲኒማ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከጎን ባለች ከፍ ያለች ሰገነት አስቀመጧቸው። አልቪነ በዕድሜዋ ከተመልካች ወገን ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። ሰው ከላይ ሲያዩት ሁሉም ራስ ነው፣ ጫማ የለውም፤ ግራ ገባት። ከኋላቸው ሽማግሌው ሎታር ተቀምጧል፣ ቆቡን በእጁ እያሽከረከረ።

መብራት ጠፋ፣ ሙዚቃው ተጀመረ። ታንኳው ሄደ፣ ገመዱ ተቆረጠ፣ ሰውዬው ሰጠመ። አልቪነ ነገሩ በየተራው ሲመጣ ገርሟት፣ «ለካስ ይህን ነበር የምንሠራው» ስትል ዳኛው ብቅ አለ። «ገመዱን የቆረጠው ማነው?» የሚል ጽሑፍ መጣ። አሁን ያቺ ሌላ ሴት ከጀርባዋ ትታያለች ብላ ጠበቀች።

የሲኒማውን መጋረጃ የሞላው የሌዎንቲነ ፊት ነበር። ቤት የሚያህል ፊት።

አልቪነ መጀመሪያ ያየችውን ማመን አቃታት። አቃጥዬዋለሁ እኮ። በእጄ፣ በምድጃዬ፣ የእህቴ ቅንድብ ምስክር ነው። ፊቱ ግን እዚያ ነው። አንድ። ሁለት። ሦስት። ሳትወድ ትቆጥራለች። አምስት ላይ የአፏ ጠርዝ ወረደ። አንድ ሺህ ሰው ባንድነት አየር ሲስብ ተሰማ። አንዲት ሴት ከታች እሪ ብላ አለቀሰች።

«ሁለት ካሜራ እኮ ነው እትዬ» አለ ሎታር ከኋላዋ፣ በሹክሹክታ። «አንዱ ላገራችን፣ አንዱ ለውጭ አገር። ሁሌም ሁለት ነው። እርስዎ ያቃጠሉት የኔን ነው፤ ይኼ የቀይ ጢማሙ ነው።»

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«እኔ እጀታ አዟሪ ነኝ።»

 ዓይኗ እያየ ጥማዱ ፊቷ ቆሞ ነበር! ከመጋረጃው ግራ ጠርዝ አንድ እጅ ብቅ አለ፤ ከእጁ አንጓ እርሳስ በክር ተንጠልጥላለች። የራሷ እጅ ናት። እጁ የሌዎንቲነን ብብት ሲነካ ምስሉ ተቆረጠና በጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ መጣ፤ «እኔ ነኝ»።

ያልተባለ ቃል ነው። ሌዎንቲነ ያን ቀን ይህን ቃል አላለችም፣ ከዚያ ወዲህም አላለችም።

አልቪነ ብድግ አለች። አሁን ድምፅ አላት፤ ዋይሰንዜ ያስተማራት ድምፅ። ይህ ትወና አይደለም፣ ሴትዮዋ እየሞተች ነበር፣ ብላ ልትጮህ አየር ሳበች። ቀሚሷ ወደ ታች ተጎተተ። የያዛት የሌዎንቲነ ግራ እጅ ነው። ሌዎንቲነ ዓይኗን ከመጋረጃው አላነሣችም፤ ቀሚሷን እንደጨበጠች ጎትታ አስቀመጠቻት።

«እሜቴ...»

እጁ ጠበቅ አለ። ዝም አሰኛት።

ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ሕዝቡ ቆሞ ያጨበጭብ ጀመር። አንዱ ሰገነቷን አየና በጣቱ ጠቆመ። አንድ ሺህ ፊት ወደ እነሱ ዞረ። ሌዎንቲነ አልተነሣችም። አልቪነ ከጎኗ ሆና ያን ጭብጨባ እንደ በረዶ ስትቀበል፣ ሌላ ማድረግ የምትችለው ነገር ስለሌለ፣ የለመደችውን አደረገች። አየር ሳብ አደረገች። ሌዎንቲነ በግራ እግሯ ላይ ተነሣች። አልቪነ በብብቷ ይዛት፣ ልክ እንዳየችው እጅ አድርጋ ይዛት፣ ሌዎንቲነ ራሷን ዝቅ አደረገች።

ጋሪው ሲመልሳቸው አልቪነ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ልቧ አልበርድ ብሏል።

«እሜቴ፣ የኩቢሽን አፅም አስወቀስኩት። ሰው አየዎት። አያየውም ብዬ ነበር፣ እርስዎም አይሆንም ብለውኝ ነበር። እኔ ተታለልኩ። ልጮህ ስል ደግሞ ጎተቱኝ። ይንገሩኝ፣ በዓይንዎም ቢሆን፤ አዝነዋል ወይስ ደስ ብሎዎታል?»

ሌዎንቲነ ወደ መስኮቱ ታያለች። አልቪነ መቁጠር ጀመረች። ስድስት፣ ሰባት። ድልድዩን ተሻገሩ። አሥራ አንደኛው ላይ አየር ሳበች። ምንም አልመጣም።

ያኔ ወደ ጫማው ዝቅ ብላ አየች። የቀኙ ወደ ውጭ ዘሞ ባዶውን ተኝቷል። የግራው ግን ቀጥ ብሎ ወለሉን ይዟል፤ በሐሩ ጫማ ውስጥ ጣቶቹ ረግተዋል። ትንፋሿም እስከ ሆዷ ወርዶ ቀስ ብሎ ይመለሳል።

መስቀል ነው። ሆን ብላ ነው ዝም ያለችው።

አልቪነ ደነገጠች፤ ሆስፒታል ካየችውም፣ መጋረጃው ላይ ካየችውም የበለጠ ደነገጠች። ከዚያ ሌላ ስድስት ዓመት ሌዎንቲነን አስታመመቻት፤ ጋዜጣ ስለዚያች ዝምታና ስለዚያች እጅ የጻፈውን እየቆረጠች አነበበችላት፤ ሥጋዋን ገንዛ ቀበረቻት። ያን ጥያቄ ግን ሁለተኛ አልጠየቀቻትም። ሆን ብሎ ዝም ያለን ሰው ቃል አያቀብሉትም።